ገንዘቡ የሰፈሩ፣ ግድግዳው የሌላ

ለንደን ውስጥ፣ ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ፣ ቪክቶሪያ የተባለው የምድር ውስጥ ባቡር መስመር የሚያልቅበት ብሪክስተን የሚባል ሰፈር አለ። ይህ ሰፈር በአንድ ወቅት የራሱን ገንዘብ አሳትሞ ነበር። ያሳተመው መንግሥት አይደለም፤ ባንክም አይደለም። ነዋሪዎችና በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ገንዘቡ ሰፈሩ ውስጥ ከአትክልት ሻጭ እስከ ዳቦ ቤት፣ ከካፌ እስከ መጻሕፍት መደብር ይሠራ ነበር፤ ድልድዩን ተሻግሮ መሃል ለንደን ሲደርስ ግን ተራ ወረቀት ነበር። የተፈለገውም ይኸው ነበር፤ ሰፈሩን ለቆ እንዳይሄድ።

ስለዚህ ገንዘብ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው የኖቱ ውበት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። የራሱን ገንዘብ እስከማሳተም የደረሰ ሰፈር የገበያውን ነጋዴዎች በቦታቸው ማቆየት ለምን አቃተው? ከተሞቻችን በፍጥነት እየፈረሱ በሚሠሩበት በዚህ ዘመን ጥያቄው ለእኛም ሩቅ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ገበያውን እንወቀው። የተጀመረው በ1870ዎቹ አትላንቲክ ሮድ ላይ ነው። በ1880ዎቹ የተሠራው ኤሌክትሪክ አቬኑ ደግሞ በኤሌክትሪክ መብራት የደመቀ የመጀመሪያው የገበያ ጎዳና በመሆኑ ስሙን ከዚያ አገኘ። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ጣሪያ ያላቸው ሦስት የሱቅ መተላለፊያዎች ተጨመሩ፤ ሪላያንስ አርኬድ፣ ማርኬት ሮው እና ዛሬ ብሪክስተን ቪሌጅ የሚባለው ግራንቪል አርኬድ። የጎዳናዎቹ ነጋዴዎች ፈቃድ የሚያወጡት ሰፈሩን ከሚያስተዳድረው ከላምቤት ማዘጋጃ ቤት ነው፤ የመተላለፊያዎቹ ሱቆች ግን የግል ባለንብረት አላቸው። ይህቺ ልዩነት ኋላ ትፈለጋለችና ትያዝልኝ።

ገበያውን ዛሬ በሚታወቅበት መልክ የሠሩት ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ሰዎች ናቸው። በሰኔ 1948 ኢምፓየር ዊንድረሽ የተባለችው መርከብ ቲልበሪ ወደብ ስትደርስ፣ ማረፊያ ያልነበራቸው ተሳፋሪዎች ክላፋም ሳውዝ በሚገኝ የጦርነት ጊዜ የምድር ውስጥ መጠለያ ገቡ። ለመጠለያው ቅርብ የነበረው የሥራ አገናኝ ቢሮ ብሪክስተን ውስጥ፣ ኮልድሃርበር ሌን ላይ ነበር። ሥራ ሊፈልጉ መጥተው ብዙዎቹ እዚያው አካባቢ ቀሩ። የሚበሉት ነገር ተከትሏቸው መጣ። ቦዬው፣ ጎደሬው፣ ተጠብሶ የሚበላው ፕላንቴን፣ በጨው የደረቀው ዓሣ፣ የፍየሉ ሥጋ፣ ስኮች ቦኔት የሚሉት እሳት የሆነ በርበሬ መደቡን ሞላው። ቆይቶም ምዕራብ አፍሪካዊው፣ ኮሎምቢያዊው፣ ፓኪስታናዊው፣ የእኛው የአፍሪካ ቀንድ ሰውም ጎን ለጎን ሱቅ ከፈተ።

ሰፈሩ ክፉ ቀንም አይቷል። በሚያዝያ 1981 በሥራ አጥነትና በፖሊስ አያያዝ የተመረረው ወጣት አደባባይ ወጥቶ ከፖሊስ ጋር ከተጋጨ በኋላ የብሪክስተን ስም ለብዙ ዓመታት ከሁከት ጋር ሲነሳ ኖረ። ገበያው ግን በየማለዳው መከፈቱን አላቋረጠም።

የብሪክስተን ፓውንድ ሥራ ላይ የዋለው መስከረም 17 ቀን 2009 ነው። ጊዜው የዓለም የገንዘብ ቀውስ ትኩሳት ያልበረደበት፣ ሰው በባንኮች ላይ ያለው እምነት የተሸረሸረበት ነበር። ቀደም ብለው ቶትነስ በ2007፣ ሉዊስ በ2008 የየራሳቸውን ገንዘብ ጀምረዋል፤ ሁለቱም ግን ትናንሽ ከተሞች ናቸው። በትልቅ ከተማ ሰፈር ውስጥ መጀመሪያ የሞከረው ብሪክስተን ነው።

ኖቶቹ ላይ ንግሥቲቱ አልነበሩም። በአንዱ ፓውንድ ላይ ለጥቁሮች መብትና ለመኖሪያ ቤት ስትታገል ኖራ በ27 ዓመቷ ያረፈችው ኦሊቭ ሞሪስ፣ በአምስቱ ላይ ሳይንቲስቱ ጄምስ ላቭሎክ፣ በሃያው ላይ በወጣትነቱ በአካባቢው ተከራይቶ የኖረው ሠዓሊ ቪንሰንት ቫን ጎህ ነበሩ። በአሥሩ ላይ የነበረው የትሪኒዳዱ ተወላጅ የታሪክ ጸሐፊ ሲ.ኤል.አር. ጄምስ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጣሊያን በ1935 አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ ለንደን ላይ የተቋቋመውን የአቢሲኒያ ወዳጆች ማኅበር በሊቀ መንበርነት የመራው እሱ ነው። የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው ብሪክስተን ውስጥ ሲሆን ያረፈውም እዚያው በ1989 ነው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። አንድ ፓውንድ ሰጥተህ አንድ የብሪክስተን ፓውንድ ትወስዳለህ። የሰጠኸው ፓውንድ መያዣ ሆኖ ባንክ ይቀመጣል። አንተ በወረቀቱ ከሰፈር ነጋዴ ትገዛለህ፤ ነጋዴው ደግሞ ወይ ለሌላ የሰፈር ነጋዴ ይከፍልበታል፣ ወይ መልሶ በእንግሊዝ ፓውንድ ይቀይረዋል። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ትልቅ ሱፐርማርኬት ውስጥ የተከፈለ ገንዘብ በወንፊት እንደተቀዳ ውኃ ነው፤ ማታውኑ ሰፈሩን ለቆ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤትና ወደ ባለአክሲዮኖቹ ይፈሳል። ከአትክልት ሻጩ ወደ ጸጉር አስተካካዩ፣ ከጸጉር አስተካካዩ ወደ ዳቦ ጋጋሪው ቢዞር ግን ያው አንድ ፓውንድ እዚያው ሰፈር የሦስት ሰው ገቢ ይሆናል።

ሙከራው የይስሙላ አልነበረም። ጥቂት በሚባሉ ነጋዴዎች ተጀምሮ ኋላ ገንዘቡን የሚቀበሉት ወደ 250 ደረሱ። በ2011 በሞባይል የጽሑፍ መልእክት መክፈል ተቻለ፤ በዚያው ዓመት በታተመው ሁለተኛ ዙር ኖትም እዚያው ብሪክስተን የተወለደው ሙዚቀኛ ዴቪድ ቦዊ የአሥሩን ፓውንድ ቦታ ያዘ። የላምቤት ማዘጋጃ ቤት ነጋዴዎች የንግድ ቤት ግብራቸውን በዚሁ ገንዘብ እንዲከፍሉ ፈቀደ፤ ከሠራተኞቹም የሚፈልግ የደመወዙን ከፊል በዚያው መቀበል ቻለ። በ2016 ማርኬት ሮው ውስጥ የሰፈሩን ገንዘብ ብቻ የሚተፋ ኤቲኤም ተተከለ።

ጥቅሙንም መካድ አይገባም። ደንበኛው «ይህን ትቀበላላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ከነጋዴው ጋር ወሬ ይጀመራል። ወደ ገበያው ገብቶ የማያውቅ አዲስ ነዋሪ ገንዘቡን ለመሞከር ሲል ይገባል። ስሙ በሁከት ብቻ ይነሳ የነበረ ሰፈር በገንዘቡ ላይ የራሱን ሰዎች መልክ አየ። ሰው የሚኮራበትን ገበያ በቀላሉ አይለቅም፤ ይህ በብር የማይለካ ትልቅ ነገር ነው።

ይሁንና ገንዘቡ የሚቆምበት ቦታ ነበረው። አትክልት ሻጩ ቀኑን ሙሉ የብሪክስተን ፓውንድ ሲቀበል ዋለ እንበል። ሌሊት ተነስቶ ወደ ጅምላ ገበያ ሲሄድ ባለጅምላው የሚፈልገው የእንግሊዝ ፓውንድ ነው። መብራት ኃይሉም የሚፈልገው ያንኑ ነው። ቦዬው ከጋና፣ ስኮች ቦኔቱ ከካሪቢያን ሲመጣ ላኪው ስለ ብሪክስተን ገንዘብ ሰምቶም አያውቅ። ስለዚህ ነጋዴው የሰበሰበውን ይዞ ወደ መቀየሪያው ይሄዳል፤ ክቡ እዚያ ላይ ይሰበራል። የቦዊው ኖት ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። ሰብሳቢዎች ወደዱት፤ በፍሬም ተደርጎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ገንዘብ ደግሞ ጎመን አይገዛም። ኋላ ሁሉም ነገር በካርድ በመንካት የሚከፈል ሲሆን ወረቀቱ ከኪስ እየጠፋ መጣ። እንደዚሁ የአካባቢ ገንዘብ የነበሩት የኤክሰተር ፓውንድ በ2018፣ የቶትነስ በ2019 ተዘጉ። የብሪክስተኑም ዛሬ በገበያው ውስጥ አይዘዋወርም።

ይህ ሁሉ ግን ከዋናው ቀዳዳ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ዋናው ቀዳዳ ኪራይ ነበር።

ገንዘቡ በተጀመረበት በ2009 ግራንቪል አርኬድ ውስጥ በርካታ ሱቆች ባዶ ነበሩ። ባለንብረቱ አካባቢውን አፍርሶ ትልቅ ሕንፃ የመሥራት ሐሳብ ነበረው፤ የገበያው ወዳጆች ተቃወሙ። ከዚያ ባዶዎቹን ሱቆች ለአዳዲስ ሰዎች ለሦስት ወር ያለ ኪራይ የመስጠት ዕቅድ መጣ። ካፌው፣ ትንንሹ ምግብ ቤት፣ የእጅ ሥራው ሱቅ ተከፈተ፤ ጋዜጣው ጻፈ፤ ሕዝቡ ጎረፈ። ኪራዩም ተከትሎ ወጣ። በ2010 መንግሥት ሦስቱን መተላለፊያዎች በቅርስነት መዘገበ። ከምክንያቶቹ አንዱ ቦታዎቹ በካሪቢያን ስደተኞች ታሪክ ውስጥ ያላቸው ስፍራ ነው። ነገሩን አስተውሉት። ቦታው የተመዘገበው በሰዎቹ ታሪክ ነው፤ ምዝገባው የሚጠብቀው ግን ጡቡንና ጣሪያውን ነው። የቅርስ ሕግ ግድግዳ እንዳይነካ ይከለክላል እንጂ የተከራይ ውል እንዲታደስ አያዝም።

በ2015 ተራው የባቡር ሐዲዱ ቅስቶች ሆነ። በአትላንቲክ ሮድና በብሪክስተን ስቴሽን ሮድ፣ ከሐዲዱ ሥር ባሉት ቅስቶች ለአሥርት ዓመታት የሠሩ ነጋዴዎች ነበሩ። የሐዲዱ ባለቤት ኔትወርክ ሬይል ቅስቶቹን ለማደስ ነጋዴዎቹ እንዲለቁ ጠየቀ፤ ከእድሳቱ በኋላ የሚጠብቃቸው ኪራይ ግን የቀድሞው አልነበረም። በሚያዝያ ወር ብዙ ሕዝብ «ብሪክስተንን እናስመልስ» ብሎ ሰልፍ ወጣ። ሥራው ዓመታት ፈጀ፤ ከወጡት ብዙዎቹ አልተመለሱም። ከዚያም ድርጅቱ በመላ አገሪቱ ያሉትን በሺዎች የሚቆጠሩ ቅስቶችና ቦታዎች ለኢንቨስተሮች በ1.46 ቢሊዮን ፓውንድ ሸጠ። በ2018 ማርኬት ሮውና ብሪክስተን ቪሌጅም ባለቤት ቀየሩ፤ የገዛቸው ሆንዶ ኢንተርፕራይዝስ የተባለ የሪል ስቴት ኩባንያ ነው።

አዲሱ ባለቤት በ2020 ማርኬት ሮው ውስጥ ለሃያ ዓመት ገደማ የሠራውን ኑር ካሽ ኤንድ ካሪ የተባለ ግሮሰሪ ሊያስወጣ ሲል የሰፈሩ ሰው ተነሳ። ኑር ቅመሙን፣ ሩዙንና ዘይቱን ኪስ በማይጎዳ ዋጋ ለሁሉም የሚሸጥ ቤት ነበር። የተቃውሞ ፊርማው በአሥር ሺዎች ሲቆጠር፣ ወረርሽኙም በዚያው ወራት የትንሽ ሱቅን ጥቅም ለሁሉም ሲያሳይ፣ ኩባንያው ለድርድር ተቀመጠ፤ ሱቁም እዚያው ገበያ ውስጥ ሌላ ቦታ አገኘ። ይኸው ኩባንያ ፖፕስ ሮድ ላይ ሊሠራ ያሰበው ባለ20 ፎቅ ሕንፃም ከረጅም ተቃውሞ በኋላ በ2023 ቀረ። ሁለቱም ድል ናቸው። ግን በየሱቁ፣ በየዓመቱ ሰልፍ እየወጡ መኖር አይቻልም። ሱቅ ሁሉ እንደ ኑር አይወደድም፤ ውሉ አልቆ በዝምታ የሚወጣው ይበዛል።

እንግዲህ ያቺን ቅድም ያዙልኝ ያልኳትን የጎዳና ፈቃድና የግል ባለንብረት ልዩነት እናምጣት። የብሪክስተን ፓውንድ የቱንም ያህል ቢዞር በወሩ መጨረሻ ሱቅ የተከራየ ነጋዴ ሁሉ በእንግሊዝ ፓውንድ የሚከፍለው አንድ ሂሳብ ነበር፤ የሚከፍለውም ሰፈሩ ውስጥ ለማይኖር ባለንብረት ነው። ይባስ ብሎ ገበያው በሰፈሩ ገንዘብ ዝና ሲደምቅ፣ ድምቀቱ ራሱ ለቀጣዩ የኪራይ ጭማሪ ምክንያት ይሆናል። ነጋዴው ደክሞ ያመጣውን ስም ባለንብረቱ ያስከፍለዋል። እኔ የምለው ይህን ነው። ገንዘብን በሰፈር ውስጥ ማዞር መልካም ነው፤ ግድግዳው የሰፈሩ ካልሆነ ግን የዞረው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ኪራይ ይሆናል።

ይህን የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቀድመው ያውቁት ነበር። በ1950ዎቹ ከጃማይካ የመጣ ሰው ለንደን ውስጥ ቤት ልከራይ ሲል በር ይዘጋበታል፤ ቤት ልግዛ ቢል ባንክ አያበድረውም። ስለዚህ ከአገሩ ይዞት በመጣው ፓርድነር በሚባል ዘዴ ተደራጀ። ፓርድነር እንዲህ ነው፦ የሚተማመኑ ሰዎች በየሳምንቱ እኩል ያዋጣሉ፤ አንድ የታመነ ሰው ይሰበስባል፤ ድምሩን በየተራ ይወስዱታል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይፈልግም። ዕቁብ ነው፤ ሰብሳቢው፣ ተራው፣ ከወሰዱ በኋላ የመክፈል ግዴታው ሳይቀር። ብዙ የካሪቢያን ቤተሰቦች ለመጀመሪያ ቤታቸው ቀብድ የከፈሉት በዚህ ገንዘብ ነው። ከዚያ ቤት ውስጥም ለሌላው አዲስ መጪ አከራዩ።

ሁለቱን አስተያዩ። ፓርድነር ሥዕል የለውም፤ ኤቲኤም የለውም፤ የውጭ ጋዜጠኛ አይጎበኘውም። ግን ተጠራቅሞ ግድግዳ ገዛ። የብሪክስተን ፓውንድ ገንዘቡን ሲያዞር ፓርድነር ገንዘቡን ተከለው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። የብሪክስተኑን ገንዘብ ለማግኘት መጀመሪያ ፓውንድ ያስፈልግ ነበር፤ ፓውንድ ያጠረው ሰው የብሪክስተኑም ያጥረው ነበር። ኬንያ ውስጥ፣ ሞምባሳ ባለ ባንግላዴሽ በሚባል የድሆች ሰፈር በ2013 የተጀመረው ባንግላ-ፔሳ በሌላ መንገድ ሄደ። ትንንሽ ነጋዴዎች እርስ በርስ ዋስ ሆነው ወረቀቱን ያገኙ ነበር፤ ሽልንግ ባነሰ ቀን አንዱ የሌላውን ዕቃ በዚያው ይወስድ ነበር። መንግሥት ደንግጦ አዘጋጆቹን አሰረ፤ ክሱ ኋላ ተነሳ። ሐሳቡ ግን ለእኛ አዲስ አይደለም። የሰፈራችን ባለሱቅ የዱቤ ደብተርም ይኸው ነው። ደመወዝ እስኪወጣ ዘይቱን፣ ስኳሩን፣ ሳሙናውን የሚያስወስደን መተማመን ከዚያ ሱቅ ውጭ አይሠራም። ባንክ መያዣ የሚጠይቅበትን ባለሱቁ በዓይን እውቅና ይሰጣል።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ነገር የሚመጣው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ፣ በ2017 ዓ.ም. ካሳንቺስ ሲከተል፣ የሕዝቡ ወሬ ስለ ቤቱና ስለ ምትክ ቦታው ነበር። ተገቢም ነው። ግን ከቤቱ ጋር የዱቤ ደብተሩም ፈርሷል። ተበዳሪው አንድ ዳር፣ አበዳሪው ሌላ ዳር ሲደርሳቸው፣ በሃያ ዓመት የተገነባ ደንበኝነት በየትኛው የካሳ ሠንጠረዥ ላይ ይሰፍራል? መርካቶ ውስጥ ነጋዴ ሱቁን ሲለቅ የቁልፍ ገንዘብ የሚጠይቀው ቦታውና ደንበኛው ዋጋ እንዳላቸው ስለሚያውቅ ነው። ገበያው የሚያውቀውን ዋጋ የከተማ ፕላናችን ገና አላወቀውም።

ከተማ አይለወጥ የሚል ሰው የለም፤ እኔም አልልም። መንገዱ ይስፋ፣ መብራቱ ይብራ፣ ፍሳሹ ይስተካከል። ጥያቄው ከለውጡ በኋላ በዚያ መንገድ ዳር ማን ይነግዳል የሚለው ነው። አዲስ በተሠራ ሕንፃ ምድር ቤት ያለ ሱቅ ኪራዩ ለካፌና ለባንክ ቅርንጫፍ እንጂ ለሌላው የማይቀመስ ከሆነ፣ ቃሪያና ሽንኩርት ሻጯ ወደዚያ ሰፈር የምትመለሰው በጉልት ነው፤ ጉልቱንም ደንብ አስከባሪ ያነሳዋል።

መፍትሔው ተዓምር አይጠይቅም። እንግሊዞች ራሳቸው በ2011 ባወጡት የአካባቢ ሕግ አንድ ሕንፃ ለማኅበረሰቡ ጠቃሚ ተብሎ ከተመዘገበ፣ ባለንብረቱ ሲሸጠው ነዋሪው ገንዘብ አሰባስቦ እንዲጫረት የስድስት ወር ጊዜ ሰጡ። ባለንብረቱ ለነዋሪው እንዲሸጥ ግን አላስገደዱም። ጊዜ ሰጥቶ ገንዘብ የማይሰጥ ሕግ ነበር፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል። በሰሜን ለንደን፣ ቶተንሃም፣ የላቲን አሜሪካ ነጋዴዎች የሚበዙበት የሰቨን ሲስተርስ ገበያ ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄደ። ነጋዴዎቹና ነዋሪዎቹ ተቃውሞ ብቻ ይዘው አልቀረቡም፤ ሕንፃውን በማኅበር ይዘን እንዲህ አድርገን እናድሰዋለን የሚል የራሳቸውን ፕላን አቀረቡ። በ2021 አልሚው ኩባንያ ፕሮጀክቱን ትቶ ወጣ። ሥራው አዝጋሚ ነው፤ አቅጣጫው ግን ትክክል ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ መነሻው አለ። መርካቶ ውስጥ ነጋዴዎች ተሰባስበው፣ አክሲዮን መሥርተው የገበያ ሕንፃ ሠርተዋል። ጉድለቱ አቅም የነበረው ብቻ መግባቱና አክሲዮኑ ውሎ አድሮ ነጋዴ ላልሆነ ሰው ሊሸጥ መቻሉ ነው። ይህን በመተዳደሪያ ደንብ ማስተካከል ይቻላል። አክሲዮኑን የሚይዘው እዚያው የሚነግድ ሰው ይሁን፤ ሲለቅ ለቀጣዩ ነጋዴ ይልቀቅ። ከተማ አስተዳደሩ ሰፈር ሲያፈርስ ለቀድሞዎቹ ነጋዴዎች በአንድነት፣ በዚያው አካባቢ፣ ረጅም ውልና የታወቀ የኪራይ ጣሪያ ያለው ቦታ ይመድብ። ባንኮች አሥር ዓመት ሳያቋርጥ የዘለቀ ዕቁብን እንደ ብድር ታሪክ ይቁጠሩት፤ ከዚያ የበለጠ የመክፈል ማስረጃ ከየት ይመጣል? ዕቁብተኛውም ዕጣው ሲደርሰው ዕቃ ብቻ ከማሰብ ይልቅ ከጎረቤቶቹ ጋር የሱቁን ግድግዳ መግዛት ያስብ። የውጭ አገሩ ዕቁብተኛም፣ ለንደንም ይሁን ዋሽንግተን፣ ከዚህ ምክር ውጭ አይደለም፤ በሰው አገር ተከራይቶ የሚነግድ ሰው የኪራይን ክንድ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

የሰፈርን ነጋዴ እንወዳለን የምንል ሁሉ ከእሱ መግዛታችን ጥሩ ጅማሬ ነው። ብሪክስተን ግን ከዚያ ርቆ ሄዶ፣ ገንዘብ እስከማሳተም ደርሶ፣ መግዛት ብቻውን እንደማይበቃ አሳይቶናል። በየሰፈሩ አዲስ ፕላን ይዘው ለሚመጡ ሁሉ፣ ስለ ፎቁ ብዛትና ስለ መስታወቱ ከመጠየቃችን በፊት የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ይሁን፤ ሲያልቅ የሱቁን ኪራይ የሚወስነው ማን ነው?